ደርሶ መልስ

በእኛ ሰፈር አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ተሳካለት» የሚባለው ነው፤ ሄዶ ይቀራል። ሁለተኛው «ነጋዴ» የሚባለው ነው፤ ዱባይ ወይም ጓንዡ ደርሶ ሻንጣውን ሞልቶ ይመለሳል። ሦስተኛ ዓይነት አይታወቅም። አምስት ቀን ባሕር አይቶ፣ አሸዋ ላይ ተንጋሎ፣ ዓሣ በልቶ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው በመዝገቡ የለም። ሴት ከሆነችማ ጭራሽ አይታሰብም። ሴት ልጅ አውሮፕላን ከተሳፈረች ወይ ለባል ነው፣ ወይ ለዓረብ ቤት ነው፣ ወይ ደግሞ… (ቀሪውን ጎረቤት ይሙላው፤ ጎረቤት እዚህ ላይ አይታማም)።

እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ደሴት ልናይ እያቀድን ነው። ሎተሪ አልደረሰንም፤ የሚልክልን ዘመድም የለንም። በደመወዝ ነው። ይህንን ያልነው ለመኩራራት አይደለም፤ ነገሩን ማቀድ ከጀመርን ወዲህ የሰማነው ወሬ አናዶን ነው። አናዶን ብቻም አልቀረም፤ ለምን እንዳናደደን ቁጭ ብለን ስናስበው ነገሩ ከሽርሽር የሰፋ ሆኖ አገኘነው።

መጀመሪያ ስለ ደሴቱ እናውራ።

የመረጥነው ሲሸልስን ነው። «አበዱ!» አትበሉን። ሲሸልስ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የባለ ጸጋ ጫጉላ ነው፤ ልዑል ዊሊያምና ኬት እ.ኤ.አ. በ2011 ተጋብተው የሄዱት እዚያ ነበር። ለአንድ ሆቴል ብቻ የተያዙ፣ ለአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚከፈልባቸው ደሴቶችም አሉ፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሲሸልስ ከመቶ በላይ ደሴት ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሦስቱ ነው የሚኖረው፦ በማሄ፣ በፕራሊንና በላ ዲግ። ከሦስቱ ታናሿ ላ ዲግ ናት፤ አሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ሦስት ሺህ ገደማ ነዋሪ። ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ያነሰ ሰው ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መኪና ከስንት አንድ ነው፤ ሰው የሚሄደው በብስክሌት ነው። ማረፊያዎቹም ብዙዎቹ ባለቤቶቹ በግቢው ውስጥ የሚኖሩባቸው፣ ማብሰያ ያላቸው የቤተሰብ ቤቶች ናቸው።

ከቦሌ ያለው በረራ አራት ሰዓት አይሞላም። ሐዋሳ በአውቶቡስ ከሚወስደው ጊዜ ያንሳል!

ደግሞም ሲሸልስ ቪዛ አትጠይቅም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ አይደለም፤ ከሞላ ጎደል ለማንም አትጠይቅም። ይህን ስንሰማ የተሰማንን ነገር ለመግለጽ ይከብዳል። ኤምባሲ ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ ሰው አይገባውም። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ «እመለሳለሁ» የሚል መሐላ የማይጠይቅ አገር! የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ የመመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ማረፊያ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት የምትሞሉት የጉዞ ፈቃድ (መነሻ ክፍያው 10 ዩሮ ነው) እና የመቆያ ገንዘብ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጨመራል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ «የመጨረሻው ሳምንት ላይ እንደርስበታለን» የሚባል ነገር የለም። አንዴ ከተወጋችሁ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ መሠረት ለዕድሜ ልክ ነው።

እዚህ ድረስ ጥሩ። ጭቅጭቃችን የሚጀምረው «የመቆያ ገንዘብ» የምትለዋ ላይ ነው።

በኢንተርኔት «ሲሸልስ በርካሽ» ብላችሁ ብትፈልጉ መዓት ጽሑፍና ቪዲዮ ይመጣላችኋል። አንድ ጢሙ ያልተላጨ ልጅ ሻንጣውን ጀርባው ላይ አዝሎ «በጣም ቀላል ነው ጓዶች!» ይላል። ቀላል ነው፤ ለእሱ። የሲሸልስ ደንብ እያንዳንዱ ጎብኚ ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን ቢያንስ 150 ዶላር እንዳለው ማሳየት አለበት ይላል። ልጁ ይህችን አያነሳትም፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ካርድ ስለ እሱ ይናገራልና። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ለየቅል ነው።

እስቲ በእኛው ገንዘብ እንቁጠረው። አምስት ቀን በ150 ዶላር 750 ዶላር ነው። ብር በገበያ ይተመን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 42,750 ብር ይሆን ነበር። በመስከረም 2018 ዶላሩን በ140 ብር ብንይዘው ደግሞ ያው 750 ዶላር 105,000 ብር ሆኗል። በዚያው መስከረም በተደረገው ጭማሪ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆነ ተባለ። ግብሩን፣ ጡረታውን ሳንቆርጥ፣ ሳንበላ፣ ታክሲ ሳንሳፈር የዘጠኝ ወር ደመወዝ ማለት ነው። ለማጥፋት ሳይሆን ለማሳየት ብቻ!

ስለዚህ ፈረንጁ «ርካሽ» ሲል የሚለው ሌላ ነገር ነው። እሱ ርካሽ የሚለው ሆቴሉን ትቶ እንግዳ ማረፊያ መያዙን ነው። እኛ የምንለው ደግሞ በሩ ላይ ሳንባረር መግባታችንን ጭምር ነው። ፓስፖርቱ እንኳ የሒሳቡ አካል ነው፤ መደበኛው እ.ኤ.አ. በ2024 ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ዘሏል። በእኛ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከእኛ ደመወዝ ተነስቶ የሚቆጥር የጉዞ መመሪያ ፈልገን አጣን። የአገራችን የቱሪዝም ወሬ ሁሉ ፈረንጅን እንዴት እናምጣ ነው፤ እኛ ራሳችን መንገደኛ ልንሆን እንደምንችል ለማንም ትዝ አላለውም።

እሺ፣ መመሪያው ከሌለ የራሳችንን እንጻፍ ብለን ተቀመጥን።

ወቅቱ ጥቅምት ነው። ጥቅምትና ሚያዝያ ነፋሱ አቅጣጫ የሚለውጥባቸው፣ ባሕሩ የሚረጋባቸው ወራት ናቸው። ታኅሣሥና ጥር ዝናብ ይበዛል፤ በፈረንጆች ገና ዋጋውም ይሰቀላል። ማረፊያ ሁለት ክፍል ለአራት ሰው፤ አንዱን ሌሊት ማሄ፣ ሦስቱን ላ ዲግ። ከማሄ ወደ ፕራሊን ፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከፕራሊን ወደ ላ ዲግ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በጀቱን የሚበላው ይህ ጀልባ ነው፤ ለጎብኚ ደርሶ መልሱ ከ100 ዩሮ በላይ ይወጣል። ነዋሪው ያነሰ ነው የሚከፍለው፤ እኛም ደግ አደረጉ ብለናል። ማሄ ላይ ታክሲ የሚባል ነገር አይነካም፤ የሕዝብ አውቶቡሱ ደሴቱን ሁሉ ያዳርሳል፤ ዋጋውም ወደ አንድ ዶላር ነው።

ምግቡን እኛ የፈራነውን ያህል አልሆነም። ሬስቶራንት ቁጭ ካላችሁ አለቀላችሁ፤ ነገር ግን የአገሬው ሰው ምሳውን የሚገዛባቸው፣ ሩዝና የዓሣ ወጥ በዕቃ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ምስርም ይበላሉ! ከመካከላችን የጽጌን ጾም የምትጾም አለች፤ «እዚያ ሄጄ ምን ልበላ ነው?» ብላ ለሁለት ሳምንት አስጨንቃን ነበር። ሙዝ በኮኮናት ወተት ከቫኒላና ከገውዝ ጋር ቀቅለው የሚያቀርቡት ላዶብ የሚባል ጣፋጭ አላቸው። የኮኮናት ወተት ከዛፍ ነው፤ ላም አታውቀውም። ተገላገልን። (ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለራሷ ትተንላታል፤ እኛ ዘንድ ያልተፈታ ነገር ላ ዲግ ላይ አይፈታም።)

ብስክሌት በቀን ከአሥር ዶላር ባልበለጠ ይከራያል። ፎቶው ላይ የምታዩት፣ ክብ ክብ ግዙፍ ድንጋይ ያለበት የባሕር ዳርቻ አንስ ሱርስ ዳርዣን ይባላል፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአንድ የድሮ የኮኮናት እርሻ ግቢ ውስጥ ስለሚያልፍ ለመግቢያ አሥር ዶላር የሚጠጋ ይከፈላል። በደሴቱ ማዶ ያሉት ግራንድ አንስ፣ ፔቲት አንስና አንስ ኮኮ በነፃ ናቸው፤ ግን ሞገዱ አደገኛ ነው፤ በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም ውኃው ሰው ይወስዳል። ዋና የማናውቅ አራት ሴቶች (አዎ፣ አራታችንም አናውቅም፤ የት እንማር?) እግራችንን ነክረን እንመለሳለን።

እዚያ አገር የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ ሆቴል ፊቱ ስለተሠራ የሆቴሉ አይሆንም። ቢሾፍቱ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሐይቁን ለማየት ቡና ማዘዝ ግድ ነው። ውኃው የማን እንደሆነ ባናውቅም አጥሩ የማን እንደሆነ እናውቃለን።

ይህ ሁሉ ተደምሮ፣ ክፍሉን ለሁለት ተካፍለን፣ የአየር ትኬቱን ሳይጨምር በሰው 500 ዶላር ገደማ ወጣ። ከ750ው የተረፈው ይዘነው የምንመለሰው ነው። ትኬቱን ጨምረን፣ ያልጠፋውን ዶላር ሳንቆጥር፣ በሰው 130,000 ብር ያህል ይዘናል። ብዙ ነው። ለመሸፋፈን አንሞክርም፤ በጣም ብዙ ነው። ከመካከላችን አነስተኛ ደመወዝ የምታገኘው ልትችል በምትችለው ልክ ስናካፍለው በወር 3,600 ብር ገደማ፣ ለሦስት ዓመት ማለት ነው።

ሦስት ዓመት ቆጥቦ አምስት ቀን! እዚህ ላይ ነው ወሬው የተጀመረው።

«ሰው በሚራብበት አገር?» አሉን። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ቀልድ አድርገን አናልፈውም። እውነት ነው፤ ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀለው ሰው ብዙ ነው፤ በእያንዳንዳችን ቤትም ከደመወዛችን የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን ጥያቄው ለምን ለእኛ ብቻ ይወጣል? አምስት መቶ ሰው ተጠርቶ፣ ሊሞዚን ተከራይቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሥጋ ሲቆረጥ ሰርግ ላይ የጠየቀ የለም። እኛ ራሳችን ባለፉት ዓመታት ሚዜ ሆነን ያወጣነው፦ ለቀሚስ፣ ለጫማ፣ ለፀጉር፣ ለመልስ፣ ለቅልቅል… ተደምሮ ቢታይ የደሴቱን መንገድ አጋምሶታል። ያንን ግን ማንም «ቅንጦት» አላለውም። ለሰው ዓይን የወጣ ገንዘብ ወግ ነው፤ ለራስ ዓይን የወጣ ቅብጠት ነው ማለት ነው?

«በዚህ ገንዘብ ሌላ አገር መሄድ አይሻልም?» ያሉንም አሉ። ሌላ አገር ሲሉ መቅረት የሚቻልበትን ማለታቸው ነው። ትኬት ቆርጦ መመለስ እንደ ብክነት ነው የሚታየው። አንድ ዘመዳችን «ከወጣችሁ አይቀር…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ይህችን ያልተጨረሰች ዓረፍተ ነገር ነው የምንጠላት። የኢትዮጵያ ወጣት ሴት ለብዙ ዓመታት አውሮፕላን የምታውቀው በአንድ መንገድ ነው፦ ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት፣ የሰው ቤት። በጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሳዑዲ ዓረቢያ የመባረሩ ዘመቻ ተጀመረ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። እህቶቻችን በሌላ በኩል እየዞሩ ሲሄዱ፣ አንዳንዶቹ ሲሞቱ፣ አንዳንዶቹ በሳጥን ሲመለሱ አደግን። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ፓስፖርት የያዘች ወጣት ሴት በሄደችበት መስኮት ሁሉ የምትጠየቀው አንድ ነው፦ «ለምን ትሄጃለሽ? ማን ይቀበልሻል? ስንት ብር አለሽ?» ጥያቄው ሲጀመር እኛን ለመጠበቅ ይሆናል፤ እንቀበል። ግን «ባሕር ላይ ነው የምሄደው» የሚለው መልስ ለምን ያስቃል? ውሸት የሚመስለው ለምንድን ነው? ነጋዴ ነኝ ያለች ታልፋለች፤ ልዝናና ነው ያለች ትመረመራለች።

ሲሸልስን ስናነብ ያገኘነው አንድ ታሪክ እዚህ ጋ ትዝ ይለናል። እንግሊዞች ደሴቶቹን የአፍሪካ ነገሥታት መጋዣ አድርገዋቸው ነበር። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1924 እዚያ ቆዩ። የቡጋንዳው ምዋንጋ እዚያው በ1903 ሞቱ። የቡንዮሮው ካባሌጋ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይተው ሲለቀቁ አገራቸው ሳይገቡ መንገድ ላይ አረፉ። ዛሬ የጫጉላ መዋያ የሆነው አሸዋ ለእነዚያ ሰዎች መመለሻ የሌለው ትኬት ነበር። አፍሪካዊ ወደዚያ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ በገዛ ፈቃዱ ቢመለስ ምን ይገርማል? የሚገርመውስ እስከ ዛሬ የሚገርም መሆኑ ነው።

«መጀመሪያ አገራችሁን እወቁ» የሚሉትን በአጭሩ እንመልስ። ዝዋይ ላይ አምስት ደሴት አለ፤ ቱሉ ጉዶን አይተናል፣ ደስ ይላል፣ ሂዱ። ጣና ላይ ከሠላሳ በላይ አለ፤ ግን በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመኪና ወደ ባሕር ዳር መውጣት እንደ ድሮው በአንድ የስልክ ጥሪ የሚወሰን ነገር አልሆነም። አገርን ማወቅ ከሆነ ነገሩ፣ መንገዱን ክፈቱልን፤ በምሳ ሰዓት እንነሳለን።

አሁን ወደ ዕቁቡ።

ዕቁብ ፍሪጅ ገዝቷል፣ ሶፋ ገዝቷል፣ ላዳ ገዝቷል፣ ስንቱን ድሯል። ባሕር ለምን አያሳይም? ብለን ጀመርን። ወዲያው ችግር ገጠመን፦ ዕቁብ በተራ ነው፤ ደሴት ደግሞ በአንድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣላት ምን ታድርግ? ብቻዋን ሄዳ ፎቶ ትላክልን? ስለዚህ ዕጣ የለም። በአራታችን ስም የተከፈተ፣ ከአራታችን ሦስቱ ካልፈረሙ የማይወጣበት የባንክ ደብተር አለ። ከዕቁብ የወሰድነው ቅጣቱን ብቻ ነው፤ በወሩ አምስተኛ ቀን ያላስገባች መቶ ብር ትጨምራለች። ደንቡን ያወጣችው ጓደኛችን እስካሁን ሁለት ጊዜ ተቀጥታለች።

ሁለተኛው ችግር የከበደ ነው። ብራችን ቁጭ ብሎ ይሟሽሻል። ሦስት ዓመት የተቆጠበ ብር፣ ሐምሌ 2016 ላይ እንዳየነው፣ በአንድ ማለዳ ሊጎድል ይችላል። መላው በብር የሚከፈለውን አስቀድሞ መክፈል ነው። የአየር ትኬት እዚሁ በብር ይቆረጣል፤ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ሽያጩ ይከፈታል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ፣ በደብተሩ ያለው እንደበቃ፣ መጀመሪያ አራት ደርሶ መልስ ትኬት ይቆረጣል። ማረፊያው ከትኬቱ ይከተላል፤ ስትደርሱ ክፈሉ የሚሉ ቤቶች አሉ፤ እነሱን ነው የምንይዘው። ዶላሩ መጨረሻ ነው፤ ከባንክ፣ ትኬቱን አሳይተን። ሰልፉን እናውቀዋለን፤ ፊቱንም እናውቀዋለን።

እናንተም የራሳችሁን ጀምሩ። ደሴቱ ሌላ ይሁን፤ ዛንዚባር ይሁን፣ ላሙ ይሁን። ወጪያችሁን በብር ጻፉት፤ ከዩሮ የተገለበጠ አትቅዱ። የተጠየቃችሁትን ወረቀት፣ የከፈላችሁትን፣ የተባላችሁትን ጭምር ጻፉልን፤ ከእኛ ኋላ የምትመጣዋ ልጅ ከባዶ እንዳትነሳ።

የእኛ ደብተር ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ሦስታችን ለቤተሰብ ተናግረናል፤ አንዱ አባት «ዓሣ አምጪልኝ» ብለዋል። አራተኛዋ ለእናቷ ገና አልነገረቻቸውም። ለእሳቸው እስካሁን ዕቁቡ የፍሪጅ ነው።